አስተማሪውን ከማስተማር ላሳረፋችሁ

ወቀሳ ሰለቸኝ፣ ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። ምስጋናዬ በየወረዳውና በየቀበሌው ተቀምጠው የጎልማሶችን አስተማሪ ከማስተማር ጣጣ ላሳረፉት ደጋግ ሰዎች ነው። ሥራቸውን እንደ ቀላል አትዩት። አንድን ሰው «አስተምር» ብሎ ቀጥሮ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ጠመኔ ሳያስነኩት ዓመቱን «በአመርቂ ውጤት» መዝጋት ጥበብ ይጠይቃል።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት ፕሮግራም ሙሉ ስሙ «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» ነው። (ስሙን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት እንዳለፈ ይቆጠርለት።) ሐሳቡ ሸጋ ነው፣ እውነቴን ነው። ገበሬው ፊደል ሲቆጥር ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ልጁ ክትባት፣ ስለ ቁጠባው አብሮ ይማራል። ስለዚህ ትምህርት ቢሮው ብቻ ሳይሆን ግብርናውም፣ ጤናውም፣ ሴቶች ጉዳዩም እጁን ያስገባል። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። የሚያስተምረው ሰው «አመቻች» ይባላል። ብዙውን ጊዜ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ የሰፈር ልጅ ነው። ክፍያውን ደመወዝ ብሎ መጥራት ደመወዝን መስደብ ይሆናል።

እነሆ ሁሉም እጁን አስገባ። ባዶ እጁን ግን አልመጣም፣ የየራሱን ሥራ ይዞ መጣ። አምጥቶም አመቻቹ ጫንቃ ላይ አኖረው።

ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ የማውቀው አንድ አመቻች አለ። ጠዋት የጤና መድኅን መዋጮ ያልከፈሉትን ቤት ለቤት ይዞራል። ረፋዱ ላይ ማዳበሪያ የሚፈልገውን ገበሬ ይመዘግባል። የተፋሰስ ሥራ ሲመጣ ማን እንደቀረ ስም ይይዛል። ስብሰባ ሲጠራ ለፋፊው እሱ ነው። ሲጀመር ቃለ ጉባኤ ያዡ እሱ ነው። ሲያልቅ ወንበር መላሹም እሱው። «ማስተማሩስ?» አልኩት። «እሱማ ጊዜ ስትተርፍ ነው» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም።

የምስጋናዬ ዋና ምክንያት ይሄ ነው። ትናንት ለመዋጮ ደጃቸውን ያንኳኳው ልጅ ዛሬ «ኑ ተማሩ» ሲላቸው ገበሬዎቹ ምን እንደሚሉ ገምቱ። «አሁን ደግሞ የምን ብር ነው?» ይላሉ። አንዳንዱ ገና ከሩቅ ሲያየው የጠፋ ጥጃ ፍለጋ ይወጣል። እናም ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ባዶ ክፍል ደግሞ ሰላም ነው። አይጠይቅም፣ አያስነጥስም፣ ጠመኔ አይጨርስም።

የሙያው ሰዎች እንደሚሉት ከሆነ የጎልማሶች አስተማሪ ሥራው ዙር አለው። መጀመሪያ ተማሪው ምን እንደሚፈልግ ይለያል። ከዚያ ያቅዳል፣ ያስተምራል፣ ይመዝናል። መጨረሻ ላይ የራሱን ሥራ ይገመግምና እንደገና ይጀምራል። ምን ዓይነት ድካም ነው! የእኛ ሰዎች ይሄን አሳጠሩት። የተማሪውን ፍላጎት ተማሪውን ሳያስቸግሩ ከላይ ለይተው ይልካሉ። ዕቅዱም ከፍላጎቱ ጋር ታስሮ ይወርዳል። ምዘናው ሪፖርት ነው። ግምገማው አመቻቹን መገምገም ነው። መሃል ላይ የቀረችው «ያስተምራል» የምትለዋ ብቻ ናት። እሷ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ትዛወራለች።

የድሮዎቹ ይሄን አላወቁበትም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለማስተማር አስተማሪ ላኩ። የዋህነት ነው። ተማሪው ከከተማ ወደ ገጠር ወርዶ በእናት በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሀ ሁ አስቆጠረ። መጽሐፉ በ15 ቋንቋዎች ታተመ። ዩኔስኮም በዓመቱ ሸለማቸው። ሽልማቱን አሁን ሳስበው ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ምንም አልተረፈለትም። ዩኔስኮ ቅጽ አሞላል የሚሸልምበት ዘርፍ ቢኖረው እኮ ዋንጫው ሸዋ ነበር የሚቀረው።

ደግሞ ለጎልማሳው ያለን አክብሮት! ማልኮም ኖውልስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ዕድሜውን የጨረሰው «ጎልማሳ እንደ ሕፃን አይማርም» ሲል ነው። ጎልማሳ የኖረበትን ዕውቀት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል ይላል። እኛ ግን ከኖውልስ ይልቅ ለወጥ ላለ አሠራር እናደላለን። የጅሩ ሰንጋ አደልቦ ገበያ የሚያወጣ አዛውንት አስቡ። ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ የመኖውን፣ የወራቱን፣ የመንገዱንና የቀረጡን ወጪ በጭንቅላታቸው ቀንሰው፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ «አይሆንም» ይላሉ። እኚህን ሰው ክፍል እናስገባና «ሁለት ብርቱካን ሲደመር ሦስት ብርቱካን» እንላቸዋለን። መረሬ አፈር ላይ ስንዴና ጤፍ የሚያመርት ሰው ብርቱካን የሚያየው ሲታመም ነው። «አንተ ልጅ» አሉት አሉ አመቻቹን፣ «አባትህን በሬ ሲገዛ ያስማማሁት እኔ ነኝ፤ ብርቱካኑን ተወውና የማዳበሪያ ዕዳዬን ወረቀት አንብብልኝ።» ልጁ አንቱ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ብርቱካኑን ቀጠለ። ቅጹ ላይ ያለው ብርቱካን ነዋ።

የሚቀመጡበትስ? የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ይሰጣል፣ እግዜር ይስጠው። ጠመኔውን ግን አይሰጥም፣ «የሕፃናቱ በጀት ነው»። ዴስኩም የአንደኛ ክፍል ነው። የጋሼ ጉልበት ከሥሩ አይገባም፣ ስለዚህ ወደ ጎን ዞረው ግድግዳውን እያዩ ይማራሉ። ጋቢያቸውን አልፎ የሚገባው የደጋ ብርድ ሌላ ነው።

ፊት ለፊት አንዲት እናት አሉ። መጽሐፉን ያቀርቡታል፣ ያርቁታል፣ ደግመው ያርቁታል። ክንዳቸው አለቀ፣ ፊደሏ ግን አልታይ አለች። ሰው 40 ዓመት ከዘለለ የቅርብ ነገር ማየት ይቸግረዋል። ፊደል እምቢ ያለው ሁሉ ጭንቅላቱ እምቢ ብሎት አይደለም። አስተማሪ ዓይን አያክምም፣ ድርሻውም አይደለም። ይሄን አይቶ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መንገርና ወደ ጤና ጣቢያ ማስላክ ግን ድርሻው ነው። የሙያ ግንኙነት የሚባለው እንዲህ ያለው ነበር። የእኛዎቹ ግንኙነት የበለጠ ሠልጥኗል። እሷ ከእሱ የመጸዳጃ ቤት ቆጠራ ትፈልጋለች፣ እሱ ከእሷ ፊርማ ይፈልጋል። ሲገናኙ ቅጽ ይለዋወጡና ተመሰጋግነው ይለያያሉ። እናትዬዋ «ለመማር ተነሳሽነት የሚጎድላቸው» በሚለው ሠንጠረዥ ገቡ። ግብርና ባለሙያውም እንደዚሁ ነው። አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ስለ ዘር መጠን ቢያወራ ሒሳቡም ግብርናውም ባንድ ድንጋይ በተመታ ነበር። እሱ ግን አመቻቹን የሚፈልገው ስልክ የማያነሱ ገበሬዎችን እንዲያስጠራለት ነው።

ሱፐርቫይዘሩን ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። አንድ ቀን ሲመጣ ተማሪዎቹ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብለው በጠጠር፣ በአመድና በጭራሮ የቀበሌያቸውን ካርታ መሬት ላይ እየሠሩ ነበር። ወንዙ የት ነው፣ ማን ነው ከምንጩ የሚርቀው እያሉ ይከራከራሉ። ዘዴው ሪፍሌክት ይባላል። ሥሩ ፓውሎ ፍሬሬ የሚባል ብራዚላዊ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ሰው እ.አ.አ. በ1963 አንጊኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ ከኑሯቸው ቃላት እየመዘዘ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ትምህርት ፊደል አስይዟል። (የእኛ አመቻች 40 ሰዓቱን ስብሰባ ላይ ነው የሚጨርሰው።) ሱፐርቫይዘራችን ካርታውን ተራምዶት ገባ። «ምነው መሬት ላይ ታስጫውታቸዋለህ? መማሪያ መጽሐፉ የታል? የመገኘት መቆጣጠሪያውን አምጣ» አለ። መቆጣጠሪያው ሙሉ ነበር። የሌሉትም ተገኝተዋል። ቼክ ሊስቱን ሞልቶ፣ አረንጓዴ ቀለም ሰጥቶ፣ ሳይመሽ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታ ቀረ፣ ብርቱካኑ ተመለሰ።

ይሄ ሁሉ ልፋት የሚዘከረው ጳጉሜ 3 በሚከበረው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ቀን ነው። አምና በአንዱ ቀበሌ እንዳየሁት ባነር ተሰቀለ፣ ዳስ ተጣለ፣ ንግግር ተደረገ። ባነሩን የሰቀለው አመቻቹ ነው። ዳሱን የጣለውም እሱ ነው። ንግግሩንም የጻፈው እሱው ነው። በንግግሩ ውስጥ ለወረዳው፣ ለቀበሌው፣ ለሴክተር መሥሪያ ቤቶቹና ለባለድርሻ አካላት ምስጋና ቀረበ። ለአመቻቹ ምስጋና እንዳልገባ ያወቀው ራሱ ነበር፣ ምክንያቱም ረቂቁ ላይ አስገብቶት «ገጽ በዝቷል» ተብሎ ወጥቶበታል።

ከዚያ ሰርተፊኬት መታደል ተጀመረ። ሁሉም እየተቀበለ፣ እየተጨበጨበለት፣ ፎቶ እየተነሳ ያልፋል። አንዲት እናት ብቻ ወረቀታቸውን ተቀብለው መድረኩ ላይ ቆሙ። መነጽር ገዝተዋል፣ ልጃቸው ከደብረ ብርሃን አምጥታላቸው። አዩት፣ ደግመው አዩት። ከዚያ በሚሰማ ድምፅ «ኧረ ይሄ የአባቴ ስም አይደለም፣ አንድ ፊደል ተገድፏል» አሉ።

መድረኩ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ወደ ምክትሉ፣ ምክትሉ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። አንድ ሰው በእርግጥ ማንበብ ቢችል ምን ይደረጋል የሚል መመሪያ የለም። ፎቶ አንሺው እንኳ እጁን አወረደ። በመጨረሻ ኃላፊው ማይኩን ያዙና «በአመቻቹ በኩል የተፈጠረ ጥቃቅን ክፍተት ነው» ብለው አረጋጉ። አመቻቹም በሦስት ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲያቀርብ ታዘዘ፣ በሦስት ኮፒ።