ከወለድ ነፃ ባንኩ ከተማ ገብቶ ቀረ

ቡና አብቃይ አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ "በአበባው መሸጥ" የሚባል ነገር አለ። ክረምት ላይ ጎተራው ይራቆታል፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ከፊት ይመጣል፣ ቡናው ግን ገና አልደረሰም፣ ያኔ፣ አንዳንዴም ከክረምቱ ቀደም ብሎ ቡናው ገና አበባ ላይ እያለ፣ ነጋዴው ብር ይዞ ከተፍ ይልና ለቀማ ሲደርስ ከሚያወጣው ዋጋ በብዙ ዝቅ አድርጎ ይገዛዋል። ወለድ የሚባል ቃል እዚህ ውስጥ የለም። የሚገርመው ሪባ (በእስልምና የተከለከለ ወለድ) ነው ብሎ የማይክሮፋይናንስ ብድር የሸሸው ሙስሊም ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ሂሳቡን ብትሰሩት ደግሞ ከየትኛውም ወለድ የባሰ ነው።

ከወለድ ነፃ ባንክ ሲመጣ ይሄ ሰው ይደርስለታል ብለን ነበር። በ2004 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነባር ባንኮች ውስጥ በሚከፈት መስኮት ብቻ እንዲሰራ ስለፈቀደ በምስረታ ላይ የነበረው ዘምዘም ባንክ ስንት ዓመት ቆሞ ቀረ፣ በ2011 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ፣ ዘምዘም በ2013 ስራ ጀመረ፣ ከዛ ሂጅራ፣ ራሚስ፣ ከሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ያደገው ሸበሌም ተከተሉ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ብሩ ሲወጣ ወዴት ነው የሚሄደው? አብዛኛው ሙራባሃ ነው፣ ማለትም ባንኩ እቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሮህ በዱቤ ይሸጥልሃል። ለመኪና፣ ለብረትና ሲሚንቶ፣ ከውጭ ለሚመጣ እቃ አሪፍ ነው፣ ምክንያቱም ሻጩ ንግድ ፈቃድም ደረሰኝም አለው።

አሁን ይሄንኑ ሙራባሃ ይዛችሁ ከብት ገበያ ግቡ። በሬ የሚሸጥ ገበሬ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ጥርሱ ይታያል፣ ደላላ መሀል ይገባል፣ ብሩ እጅ በእጅ ተቆጥሮ አለቀ። ባንኩ ደግሞ በሸሪዓው መሰረት በሬውን መጀመሪያ የራሱ ማድረግ አለበት፣ ለገበሬው ከመሸጡ በፊት ቢሞትም ኪሳራው የባንኩ ነው። የትኛው የቅርንጫፍ ማናጀር ነው ለአንድ በሬ ይሄን ሁሉ ጣጣ የሚገባው? በቃ ገበሬውን ወኪል አድርገን ራሱ ይግዛ ይባላል፣ ያኔ ደግሞ ዑለሞቹ (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ይሄማ ስሙ ተቀይሮ ብር ማበደር ሆነ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ለገበሬ የተሰራው ውል ሌላ ነው፣ ሰለም ይባላል። ዋጋው አሁን ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፣ ምርቱ በኋላ ይረከባል። ነቢዩ መዲና ሲገቡ ሰዉ ለፍሬ ቀድሞ እየከፈለ ይገበያይ ነበር፣ እሳቸውም አልከለከሉም፣ መጠኑም ጊዜውም የታወቀ ይሁን ነው ያሉት። የአበባ ሽያጩ ችግርም እዚህ ላይ ነው፣ ነጋዴው የሚገዛው የዚህችን ማሳ ያልደረሰ ፍሬ ነው፣ እሱ በሸሪዓው አይፈቀድም፣ በሰለም ግን ይሄን ያህል ኪሎ፣ በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ወር ተብሎ ይፈረማል። ስሙ የባንኮቹ ብሮሸር ላይ አይጠፋም፣ ገጠር ወርዶ ግን አላየሁትም።

ቀላል ነው አልልም። ሱዳን ውስጥ የግብርና ባንኩ ሰለምን በሰፊው ሞክሮታል፣ የዋጋ ንረቱ ሲብስ ገበሬው በአንድ ዋጋ ፈርሞ ምርቱ ሲደርስ ገበያው ጥሎት ሄደ፣ ስለዚህ ልዩነቱ ከሲሶ ካለፈ የተጎዳው ወገን እንዲካስ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አስገቡ። በእኛ የኑሮ ውድነት ይሄ አንቀጽ ከሌለ ገበሬው ቡናውን ለሌላ ሸጦ ይጠፋል፣ እኔም ብሆን አልፈርድበትም። ማሳው ከተበላሸ ደግሞ እዳው ገበሬው ላይ ስለሚቀር ታካፉል የሚባለው እስላማዊ መድን አብሮ መኖር አለበት፣ ኬንያ ዋጂር ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. ለድርቅ ጉዳት ለአርብቶ አደሮች በታካፉል ካሳ ተከፍሏል፣ ማለትም የማይሆን ነገር አይደለም።

ባንኩ ቡናውን ምን ያደርገዋል ለሚለው መልስ አለ፣ ከህብረት ስራ ማህበሩ በሰለም ይገዛል፣ ለዩኒየን (ለማህበራቱ ህብረት) ወይ ለላኪ በሌላ ራሱን በቻለ የሰለም ውል ቀድሞ ይሸጣል። መያዣስ ካላችሁ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትም ሰብልም መያዣ መሆን ይችላል ካለ ቆየ፣ ያው እዛ ላይ ባንኮቹ አሁንም ቤትና መኪና ነው የሚወዱት። የሚገርመው ይሄ ሁሉ ለሙስሊሙ ብቻ አይደለም፣ ቡናውን በአበባው የሚሸጥ ክርስቲያን ገበሬም ሞልቷል፣ ውሉ ደግሞ ሃይማኖት አይጠይቅም።

አንድ ባንክ፣ አንድ ዩኒየን፣ አንድ ወረዳ፣ ለሚመጣው ለቀማ ይሞክሩት። የባንኮቹ ዓመታዊ ሪፖርት ስንት ቢሊዮን ተቀማጭ እንደሰበሰበ በትልቁ ይጽፋል፣ ከዛ ውስጥ ስንቱ ለእርሻ እንደወጣ ግን ለብቻው ተጽፎ ማየት ይቸግራል፣ ባለአክሲዮን የሆናችሁ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁልን።