እጃችሁ ይባረክ

በነፃ የሚሠራ ሰው ሳይመሰገን ሲቀር አልወድም። ስለዚህ ዛሬ አንድ የተረሳ ባለሙያ ላመስግን።

አውሮፓን የዞረ ሰው ያውቀዋል። በየአደባባዩ የጠቆረ የነሐስ ሐውልት አለ። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጥቁር አረንጓዴ ነው። አንድ ቦታው ብቻ እንደ ወርቅ ጥርስ ቦግ ብሎ ያበራል። አፍንጫው፣ ወይ የእግሩ ጣት፣ ወይ ደረቷ፣ ወይም እዚህ ልጽፈው የማይመቸኝ ሌላ ቦታ። ያንን ማን አበራው? ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛም አይደለም። ቪዛ ለምኖ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ ሻንጣውን በድንጋይ ንጣፍ ላይ እያንኳኳ የመጣ ጎብኚ ነው። አሻሽ እንበለው። ሐውልቱን ያሻል፣ ዕድሉን ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል።

ድሮ ሐውልት የሚታየው በዓይን ነበር። ሰው ይመጣል፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ ከሥሩ የተጻፈውን ያነባል፣ "ይሄ ሰውዬ ምን ሠርቶ ነው እንዲህ ያቆሙት?" ብሎ ይጨነቃል። በዚህ ግማሽ ቀን ያልቃል። አሻሽ ግን ጊዜ አያባክንም። ሰልፍ ካለ አሥር ደቂቃ፣ ከሌለ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። የሐውልቱን ስም አይጠይቅም። የቱ ጋ እንደሚታሽ ካወቀ ሌላው ትርፍ ነው።

ይህን ሙያ ያስተማረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ መጣች። እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። ታላቄ ስለሆነች እታለም ነው የምላት። ጣልያንን ላስጎበኛት ቃል ገብቼላት ነበርና፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ስልኳን አውጥታ ዝርዝሯን አሳየችኝ። እኔ ሙዚየም ጠብቄአለሁ። ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦ ፍሎረንስ፣ የአሳማው አፍንጫ። ቬሮና፣ የልጅቱ ደረት። ሮም፣ ሳንቲም።

"እታለም፣ ይሄ እኮ የሥጋ ቤት ዝርዝር ነው የሚመስለው" አልኳት።

"ዝም ብለህ ውሰደኝ" አለች።

ወሰድኳት። ፍሎረንስ ውስጥ መርካቶ ኑኦቮ የሚባል ገበያ አለ። አዲሱ መርካቶ ማለት ነው። ቦርሳና ቀበቶ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሞልተውታል፤ ሲጠሩህ አገር ቤት የገባህ ይመስልሃል። ከገበያው ዳር አንድ የነሐስ የዱር አሳማ ተቀምጧል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒየትሮ ታካ የሚባል ቀራጺ ነው የሠራው። አሳማው ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ የሚቆጠር ይመስላል። ታካ ግን በአሳማው አልበቃውም። ከእግሩ ሥር እንቁራሪቱን፣ እባቡን፣ ቅጠላ ቅጠሉን በዝርዝር ቀርጿል። ይህን ሁሉ የማየት ግዴታ ግን የለብንም። የሚታሸው አፍንጫው ነው።

እታለም ማለት አሳማ የነካው ሳህን የማይቀርብላት ሴት ናት። ጀርመን በገባች ማግስት የኩሽናዬን መጥበሻ አገላብጣ "በዚህ ምን ጠብሰህበታል?" ብላ ፍርድ ቤት ያቆመችኝ እሷ ናት። ፍሎረንስ ላይ ግን ከሃያ ሰው ኋላ ተሰልፋ የአሳማ አፍንጫ በሁለት እጇ ዳበሰች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጓም ቀን አላየሁም።

ሥርዓቱ በዚህ አያልቅም። ሳንቲም አሳማው ምላስ ላይ ይደረጋል። ተንሸራቶ ከታች ባለው የብረት ፍርግርግ ከገባ ዕድል አለ። የመጀመሪያው ሳንቲሟ ዳር ሄዶ ወደቀ። ሁለተኛውም። በአምስተኛው ገባላት። በሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም ሲሰላ ዕድሏ ሁለት ዩሮ ተኩል ወጣባት። ርካሽ ነው።

ደግሞ ለወሬ ያህል ነገርኳት። ታካ በእጁ የሠራው ዋናው አሳማ እዚያው ከተማ ባርዲኒ ሙዚየም ገብቷል፤ ያሸሽው ግልባጩን ነው አልኳት። ሙዚየሙ ደግሞ ቅርብ ነው።

"እዚያ ያስነካሉ?" አለች።

"አያስነኩም።"

"ታዲያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?"

መልስ አላገኘሁላትም።

ቬሮና ላይ ሙያው ይራቀቃል። የጁልዬት ቤት የሚባል ግቢ አለ። ጁልዬት የተውኔት ሰው ናት፤ ቤት ኖሯት አያውቅም። ከግቢው በላይ የሚታየው ዝነኛ ሰገነትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተገጠመ ነው። ይህ ግን አሻሽን አያግደውም። ግቢው ውስጥ የቆመችው ነሐስ ቀኝ ደረቷ ሲታሽ በፍቅር ዕድል ያስገኛል ይባላል። ሰልፉን ብታዩት የሚያስቀና ነው። አባት ተሰልፏል። ልጅ ተሰልፏል። አማት ቦርሳ ይዛ ቆማለች። ሁሉም በተራው እጁን ይሰነዝራል፣ ሁሉም ወደ ካሜራ ይስቃል። ጎረቤት አገር ሄዶ የቆመች ሴት ደረት ቢይዝ ፖሊስ የሚጠራበት ሰው፣ እዚህ ግን ቤተሰቡ "ትንሽ ወደ ግራ!" እያለ ያበረታታዋል። እጅ በዛባትና ልጅቱ ተሰነጠቀች። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ዋናዋን ወደ ውስጥ አስገብተው ግልባጭ አቆሙ። ለሁሉም ፍቅር ስታድል ኖራ የተሰበረችው እሷ ናት። ግልባጯም ሥራ ጀምራለች።

እዚህ ላይ እታለም ተከራከረችኝ። "እኛስ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንሳለም የለ? ምን ልዩነት አለው?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቫቲካን ውስጥ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ ሐውልት ቀኝ እግሩ በምእመናን መሳለም ብዛት አልቆ ጣቶቹ አይለዩም። እነሱን ከአሻሾች ጋር አልደምራቸውም። "ደጃፍ ስትሳለሚ የማን ደጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሮዝ ጀላቶ ገዛች። እጇን አልታጠበችም።

ጣልያንን ብቻ እንዳመሰግን አትፍረዱብኝ። ፓሪስ ፔር ላሼዝ መቃብር ውስጥ ቪክቶር ኗር የሚባል ጋዜጠኛ ተኝቷል። በ1870 የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የሣልሳዊ ናፖሊዮን ዘመድ የሆነ ልዑል በጥይት ገደለው። 21 ዓመቱ ነበር። ፍርድ ቤት ገዳዩን በነፃ ለቀቀው፤ ፓሪስም በቁጣ ነደደች። ቀራጺው ዡል ዳሉ መሬት ላይ እንደ ወደቀ፣ ባርኔጣው ከጎኑ ተንከባሎ፣ በነሐስ ሠራው። የተቃውሞ ሐውልት ነበር። ዳሉ ግን ሱሪውን ሲቀርጽ ትንሽ ተጠንቅቆ ነው መሰል፣ ከወገብ በታች ያለው ጉብታ ጎልቶ ወጣ። ልጅ የፈለገችና ባል የፈለገች ሁሉ ያንን ያሻሉ። እንደ ፋኖስ ያበራል። በ2004 አጥር ታጠረበት፤ ሕዝቡ ጮኸና አጥሩ ተነሳ። በዓለም ላይ ብዙ ጋዜጠኛ ሞቷል። እንደዚህ የሚናፈቅ ግን አላውቅም። ስለምን ጻፈ ብላችሁ ሰልፈኞቹን ብትጠይቁ የሚያሳፍራችሁ እናንተን ነው።

ዱብሊን ውስጥ ደግሞ ዓሣ ሻጯ ሞሊ ማሎን አለች። የእሷም ደረት ያበራል። ማሸቱ የጥንት ትውፊት ነው ይሏችኋል። ሐውልቷ የቆመችው በ1988 ነው። እኔ ከእሷ እበልጣለሁ፤ እኔን ግን ጥንታዊ ያለኝ የለም። በ2025 የከተማው ምክር ቤት ለጥቂት ቀናት ሰዎች አቁሞ "እባካችሁ አትንኳት" ሲያስብል ነበር። ምቀኞች።

ከሁሉም የምወደው ግን ኤዲንብራ ያለው ነው። ዴቪድ ሂዩም በ1776 የሞተ ፈላስፋ ነው። ዕድሜ ልኩን አጉል እምነትን ሲሞግት ኖረ። ተአምር አየሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ተአምሩ ከመደረጉ ይልቅ ሰውዬው መሳሳቱ አይቀርብም ወይ ብሎ ጻፈ። በነሐስ አቆሙት። ዛሬ ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ ዕውቀቱ እንዲጋባባቸው የእግሩን ጣት ያሻሉ። መጽሐፎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ጣቱ ግን ሥራ ላይ ነው።

እዚህ አገሬ፣ ማለት ጀርመን፣ ብሬመን ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጎን አህያ፣ ውሻ፣ ድመትና ዶሮ ተደራርበው ቆመዋል። ጌርሃርድ ማርክስ ነው የሠራቸው፤ ከ1953 ጀምሮ እዚያው ናቸው። የሚታሸው የአህያው የፊት እግር ነው። ወጉ ሁለቱን እግሮች በሁለት እጅ መያዝ ነው። በአንድ እጅ አንዱን እግር ብቻ የያዘ ሰው ሲያዩ የከተማው ሰዎች "አህያ ለአህያ ሰላምታ ሰጠ" ይላሉ። በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ራሱን የሚያነሳ ጎብኚ ሁለተኛ እጅ ከየት ያመጣል? ብሬመን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰላምታ ነው።

ሙያው በሳይንስም የተደገፈ ነው። ነሐስ ዝም ብሎ አይጠቁርም። ከአየርና ከዝናብ ጋር ሲኖር ቀጭን ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል። ቀራጺዎችም ብዙ ጊዜ ያንን ቀለም አስበውበት፣ በእሳትና በኬሚካል ነው የሚያወጡት። የሰው እጅ ደግሞ ላብ፣ ጨውና ቅባት አለው። ሺህ እጅ ሲያልፍበት ሽፋኑ ይነሳል። ሽፋኑ ሲያልቅ ነሐሱ ራሱ ይሳሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ቀስ በቀስ አፍንጫም ከፊት ይሄዳል። ያኔ አዲስ ግልባጭ ይቀረጻል፣ ዋናው ሙዚየም ይገባል፣ ለሙያተኛ ሥራ ይከፈታል። አሻሽ ባይኖር ይሄ ሁሉ ቤተሰብ በምን ይተዳደር ነበር?

የሙያው የሥጋ ዘመዶችም አሉ። ፒዛ ላይ ግንቡን በመዳፋቸው ደግፈው ፎቶ የሚነሱ፤ ፓሪስ ላይ ፍቅራቸውን በቁልፍ ቆልፈው መክፈቻውን ወንዝ የሚከቱ። የቆላፊዎቹ ፍቅር ከብዶ በ2014 የፖን ዴዛር ድልድይ አጥር አንድ ክፍሉ ተደርምሷል። በማግስቱ ዓመት ቁልፉን ሲያነሱት 45 ቶን ሆነ። ስለ እነሱ ሌላ ቀን አመሰግናለሁ፤ አሁን ሮም ደርሰናል።

ሮም ላይ ትሬቪ ምንጭ ጀርባችንን ሰጥተን ሳንቲም ወረወርን። ይሄኛውን ልሸርደው አልችልም። ከውኃው የሚለቀመው ሳንቲም በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው፤ ለችግረኞች መርጃ ይውላል። ያለ ሰልፍ ያለፈ ዕድላችንም ይሄ ብቻ ነበር።

በመጨረሻው ቀን የኤርፖርቱን ባቡር ለመያዝ ተርሚኒ ጣቢያ ደረስን። ሰዓት ተረፈን። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። እታለም የዋይፋይ ፍለጋ ስልኳን ወደ ሰማይ እያነሳች ስትሄድ፣ አለፍ ብሎ ካለው የዛፍ ጥላ ሥር አረፍን። ሻንጣዋን አንድ አሮጌ ሐውልት አጠገብ አቆመችው። ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሹል፣ የግብፅ ድንጋይ። ሰልፍ የለም። የሚያበራ ቦታ የለውም። አንድ ሰውዬ ጋዜጣ ለብሶ ተኝቷል። ርግቦች ብስኩት ይለቅማሉ።

"እታለም፣ ሻንጣሽን የት እንዳቆምሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ምን ሆነ? ይሰረቃል እንዴ?"

ነገርኳት። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ይሄ ድንጋይ መታሰቢያቸው ነው። በወረራው ጊዜ ፋሽስቶች ከለገሐር ነቅለው ያመጡትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት ከዚሁ ሥር ነበር። በ1938 ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው ያንን አንበሳ አይቶ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ አገሩ ገብቶ፣ አሁን ለገሐር ስታልፊ የምታይው እሱ ነው አልኳት።

"እዚህ?" አለች። "ዘርዓይ ደረስ እዚህ?"

"እዚህ።"

ስልኳን ዝቅ አደረገች። ከታች ጀምራ እስከ ጫፉ ቀና ብላ አየችው። ዞረችው። ከሥሩ የተጻፈውን ስም በጣቷ እየተከተለች አንድ ሁለት አነበበች። ደስ አለኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር ከአንድ ደቂቃ በላይ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗም ትንሽ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ስልኳን ለእኔ አቀበለችኝ፣ መዳፏን ዘርግታ ወደ ድንጋዩ ጠጋ አለች።

"የሚታሸው የቱ ጋ ነው?"