እናቴ ጓሳን በስልክ አየች

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የተፈጥሮን ምስል በስክሪን ማየት መንፈስን እንደሚያቀልል ይናገራል። እውነት ነው፤ ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን አይቼዋለሁ። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ እግሯን ካመማት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። የወንድሜ ልጅ መንዝ ውስጥ ወዳለው ደጋማ የሣር ምድር፣ ወደ ጓሳ ሄዶ በስልኩ ቀርጾ አመጣላት፦ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ፣ ጭጋግ ከገደሉ ሥር ሲወጣ፣ ጅብራው በጉም መካከል ቆሞ። «ድምፁን ጨምሩልኝ» አለች። ከዚያ የጓሳው ሣር ያለ ጊዜው እንዳይታጨድ እንዴት ይጠበቅ እንደነበረ ስታወራን አመሸች። ለወራት እንዲህ ስታወራ አልሰማናትም ነበር።

በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 96 ሰዎችን በመጀመሪያ ሆን ብለው አሰለቿቸው፤ ከዚያም የባሕር ውስጥ ትዕይንት አሳዩአቸው። በቴሌቪዥን ያዩትም እንኳ መሰልቸታቸው ቀለለ። ደስታን ይበልጥ የጨመረው ግን በኮምፒውተር ተሠርቶ በመነጽር የሚታየው፣ ተመልካቹም የሚሳተፍበት ዓለም ነበር። ለእናቴ እንደሚመስለኝ የሠራላት መሣሪያው ሳይሆን የገዛ አገሯ መሆኑ ነው። የማታውቀውን ባሕር ብናሳያት ያን ያህል የምታወራ አይመስለኝም።

ቢሆንም የጦስኝ ሽታና ፊት የሚገርፈው ብርድ በስልክ አይመጣም። እርሷም ደጋግማ የጠየቀችን ይህንኑ ነው፤ «ነፋሱስ?» እያለች። ለፋሲካ መኪና ተከራይተን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጣርማበር አፋፍ ድረስ ልንወስዳት ተስማምተናል።