ይድረስ ለተከበሩ «ባዶውን ከሚሄድ»

ጉዳዩ፦ ፍራሼን እንዲለቁልኝ ስለ መጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ክቡርነትዎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። «መኪናው ባዶውን ከሚሄድ…» ብለው ይጀምሩና ዝም ይላሉ፤ ማሰሪያ አንቀጽ የለዎትም። የጎደለውን ማሰሪያ ሁልጊዜ የሚያቀርበው ባለመኪናው ነው፤ ያውም በገመድ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ያለኝ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው፤ ሰሌዳው ኮድ 2፣ ሥራው እኔን ማሳደር ነው። የኋላ ወንበሮቹን አስነቅዬ የጣውላ አልጋ አሠርቼበታለሁ፤ ከአልጋው ሥር የውሃ ጀሪካን፣ አነስተኛ ቡታጋዝ፣ አንዲት ጀበናና ሦስት ሲኒዎች አሉ። (ለብቸኛ ሰው ሦስት ሲኒ ለምን እንዳስፈለገው አሁን ሳስበው፣ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ሳይሆን አይቀርም።) የአባቴ የልብ ወዳጅ ጅማ ላይ ልጃቸውን ሲድሩ፣ ዘመድ ሁሉ በአንድ አውቶቡስ ለመሄድ ሲመካከር፣ እኔ ብቻዬን ቀድሜ ለመውጣት ወሰንኩ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን የሚያልቅ መንገድ ነው፤ የእኔ ሐሳብ ግን ለሁለት ከፍዬው ወሊሶ ፍል ውሃ ታጥቤ ማደር፣ በማግሥቱም የጊቤን ሸለቆ ከላይ ቁልቁል እያየሁ ቡናዬን ማፍላት ነበር።

«ብቻህን?» ብላ የጠየቀችኝ እናቴ ናት። አዎን ስላት ዐይኗ ከእኔ ላይ ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ፤ እርስዎም በዚያች ቅጽበት ወደ ግቢያችን ገቡ። መጀመሪያ የተጫነው፣ ጅማ ላይ ድስት የጠፋ ይመስል፣ የእድሩ ትልቁ ብረት ድስት ነው። ቀጥሎ ጎረቤታችን እትዬ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ልጃቸው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጋቢ ይዘው መጡ። ታናሽ ወንድምዎ «ይህችን ብቻ»ም ከኋላቸው ተከትሎ ገባ፤ እሱ እንደ ስሙ ትንሽ መስሎ ነው የሚመጣው፣ ሲጫን ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። በመጨረሻ እግሩ በቅዳጅ ጨርቅ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ ትራሴ ላይ ተቀመጠ። ለማን እንደተላከ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እስከ ሰበታ ድረስ በስፖኪዮ የማየው መንገዱን ሳይሆን የእሱን አንድ ዐይን ነበር።

ሰበታን እንዳለፍኩ ከዘራቸውን ያነሡ አንድ አዛውንት አስቆሙኝ። ሽማግሌ ቆሞ እያየ የሚያልፍ ሰው ሰርግ ቤት በምን ፊቱ ይገባል? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ዙሪያውን ቃኙና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቦታ ይዘህ ብቻህን አይከብድህም?» አሉኝ። ቱሉ ቦሎ ስንደርስ አራት፣ ወሊሶ ስንደርስ ሰባት ሆነናል፤ አዛውንቱም ሳይመሽ ሰኮሩ መድረስ ስለነበረባቸው ፍል ውሃውን ከመንገድ ላይ ሆኜ ተሰናበትኩት።

ከወሊሶ አለፍ እንዳልን የትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ኮድ 2 መኪና በክፍያ ሰው እንደማይጭን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተሳፋሪዎቹን «ስንት ከፈላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ላብ አጠመቀኝ። አዛውንቱ ድስቱን በከዘራቸው ቋ አድርገው «የእኅቴ ልጅ ነው!» አሉ፤ ከጀርባቸው የተቀመጡት ወይዘሮም «የእኔም» ሲሉ አከሉ። ፖሊሱ ድስቱን፣ ዶሮውንና በአንድ አፍታ ቤተሰብ የሆንነውን ሰባታችንን ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለተረኛ አስረክቤ ወደ ወልቂጤ ነኝ፤ መቼም ባዶውን ከሚሄድ…» ያለው። ክቡርነትዎ፣ ሰባት ሰው፣ አንድ ድስትና አንድ ዶሮ የጫነን መኪና ባዶ ነው ለማለት ከእርስዎ በቀር ማን ይደፍራል?

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ይወርዳል፤ ደጋው ከኋላ እየቀረ የቆላው ሙቀት በመስኮት ይገባል። ከዚያ ሁሉ ጭነት ጋር ፍሬኑ እንዳይግል በሁለተኛ ማርሽ ስንፏቀቅ፣ ቡና ላፈላባት ያሰብኳት የመንገድ ዳር በቀስታ አጠገቤ አለፈች። ጀበናው ከድስቱ ሥር፣ ድስቱ ከአዛውንቱ ክንድ ሥር ነበር። ሸለቆውን ያየሁት በስፖኪዮ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ትውልድ ሐረግዎ ያለኝን ግምት ልንገርዎ። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ቡና፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የጫነ የሲራራ ነጋዴ ሁሉ መገናኛው የሂርማታ ገበያ ነበር፤ ጀርባው ባዶ የሆነ አጋሰስ እንደ ኪሳራ በሚቆጠርበት በዚያ መንገድ ላይ ተወልደው ማደግዎን እጠረጥራለሁ። ያኔ ግን የሚጫነው በቅሎ ነበር፤ በቅሎም ብትሆን ትራገጣለች።

ጅማ የደረስኩት መሽቶ ነው። የሙሽራዋ አባት፣ ጋሼ፣ አቅፈው ሳሙኝ፤ የመኪናውን በር ከፍተው አልጋውን ሲያዩ ግን ከእኔ ይልቅ እሱን በናፍቆት ተቀበሉት። «እሰይ! መኝታ ጨንቆን ነበር፤ ባዶውን ከሚያድር…» አሉ። በዚህም መልክ እንደሚመጡ ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። ከአጋሮ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች አልጋዬ ላይ አደሩ፤ ቤቴን ነድቼ የመጣሁት እኔ ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በለስላሳ ሳጥኖቹ መካከል፣ ሰሌን ላይ ተኛሁ። ሲነጋ አንደኛው ሽማግሌ ጣውላው ጎናቸውን እንዳሳመማቸውና ስፖንጅ ቢጨመርበት መልካም እንደሆነ በትሕትና አስታወቁኝ።

ስለ ሰርጉ ብዙ አልጽፍም። ያማረ ነበር፤ ወንበርና እንግዳ ሳመላልስ አብዛኛውን ዘፈን ከመሪው ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትም አይቻለሁ፤ በትክክል ለመናገር፣ አብረውኝ የተጫኑትን 11 ልጆች እዚያ ሆኜ ቆጥሬያለሁ።

ሰኞ ጠዋት የመመለሻው ጭነት ተጀመረ። ለአክስቴ ሁለት ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ለእናቴ ቡና። ቡና በብዛት ያለ ፈቃድ መጫን ኬላ ላይ እንደሚያስይዝ ግማሽ ሰዓት ተከራክሬ ኩንታሉን ወደ 5 ኪሎ አወረድኩት፤ በተለቀቀው ቦታ ሙዝ ተጫነበት። ማንም ያልተረከበው ዶሮም ተመልሶ ትራሴ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ከፍራሼ ቢያንስ የግራ ጎኑ እንዲለቀቅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የእድሩ ድስት ከመኪናው ሳይወርድ ነው የሰነበተው። ተነሥቼ መኪናውን ላስነሣ ስል ጋሼ ክዳኑን ገለጥ አድርገው ወደ ውስጡ ተመለከቱ፣ ወደ ባለቤታቸውም ዞር ብለው «ይኸ ድስት ባዶውን ከሚሄድ…» አሉ። አንድ ጀሪካን ማር መሐሉ ላይ አቆሙበት፤ በጀሪካኑ ዙሪያ የቀረውን ክፍተት ደግሞ ባለቤታቸው በአቮካዶ ሞሉት።

ከሠላምታ ጋር
የሚኒባሱ ባለቤት ነው የሚባለው

ግልባጭ፦
ለታናሽ ወንድምዎ ለ«ይህችን ብቻ»
ለእድሩ ዕቃ ቤት
ለእናቴ (እንዳትቆጣ ከዶሮው ጋር የሚላክ)