ወጉ የኛ፣ ምርጡ ፍሬ የሌላ

ጣልያን ቡና አብቃይ አገር አይደለችም፤ የኤስፕሬሶዋ ልክ ግን በግራምና በሰከንድ ይታወቃል። 7 ግራም የተፈጨ ቡና፣ 9 ባር ግፊት፣ 25 ሰከንድ፤ ሲኒው ውስጥ የሚወርደው 25 ሚሊ ሊትር ገደማ። በ15 ሰከንድ ወርዶ ካለቀ ቡናው ቀጥኖ ይጎመዝዛል፤ 40 ሰከንድ ከፈጀ ይመራል። ባሪስታው ያኔ የሚነካው ማሽኑን ሳይሆን መፍጫውን ነው፦ ለፈጠነው ይበልጥ አድቅቆ ይፈጫል፣ ለዘገየው አሻክሮ።

ወደ እኛ ወደ አብቃዮቹ ስንመጣ፣ በቡና ወግ የሚስተካከለን የለም ሲባል እስማማለሁ። ሲኒው ውስጥ ስላለው ቡና ከሆነ ግን አልስማማም። ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣለን፤ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀውን አገር ውስጥ መሸጥ ለዓመታት ክልክል ሆኖ ስለቆየ ግን፣ ጀበናችን የለመደው በደረጃ ምደባ የወደቀውን ነው። ብቻችንን አይደለንም። ኮሎምቢያም ደህናው ፍሬ ተልኮ «ፓሲያ» የሚሉት ተራፊ ለአገሬው ይቀር ነበር፤ ያንኑ አጥቁረው ቆልተው፣ አቅጥነው፣ «ቲንቶ» ብለው በስኳር ይጠጡታል። በብራዚል ደግሞ የተፈጨ ቡና ውስጥ ባዕድ ነገር መቀላቀሉ ስላስቸገረ፣ የቡና ኢንዱስትሪው ማኅበር በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የንጽህና ማኅተም መስጠት ጀመረ። (እኛም ጋ ገብስ ቀላቅሎ የሚፈጭ አይታጣም።)

የወደቀ ቡና ጉዱ የሚወጣው ምጣድ ላይ ነው። ቀልቶ ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ የቱንም ያህል ቢቆላ እንደ ጓደኞቹ አይጠቁርም፤ ነጣ ብሎ ይቀራል። ቆይዋ እሱን አጠቁራለሁ ስትል ደህናው ያርራል። ሁሉም ጠቁሮ ቅባቱ ሲወጣ «አማረ» ይባላል፤ የይርጋጨፌውም የሐረሩም ጣዕም ግን ከጭሱ ጋር ሄዷል፣ የቀረው የከሰል ምሬት ነው። እሱን ሦስት ማንኪያ ስኳር ያባብለዋል።

መላው ከባድ አይደለም። ከመታጠቡ በፊት ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰባበረውን መልቀም፤ በመካከለኛ እሳት ሳያቋርጡ ማማሰል፤ መንጣጣት ከጀመረ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ማውጣት። ወዲያው ሰፌድ ላይ ካልተበተነ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ነጣ ያለውንም ለቅሞ ማውጣት የዚያን ጊዜ ነው። ለግማሽ ሊትር ውሃ 35 ግራም፣ ማለትም 7 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይበቃል። ጀበናው ፈልቶ አንገቱ ላይ ሲደርስ አውርዶ ማቶቱ ላይ አራት አምስት ደቂቃ ማስከን ነው፤ የቸኮለ ቀጂ አተላ ያጠጣል። ቶና ላይ በዚያው አተላ ውሃ ሲጨመር የሚወጣው በአብዛኛው ምሬቱ ስለሆነ፣ አንድ ማንኪያ አዲስ ዱቄት ጣል ቢደረግበት ደግ ነው። በረካን ተዉት፣ እሱ ለምርቃት ነው።

ገበያ ላይ «የሐረር»፣ «የጅማ» ይባልልናል እንጂ ደረጃውንና የተለቀመበትን ዓመት የሚነግር ነጋዴ ብርቅ ነው። ያረጀ ቡና ቀለሙ ይነጣል፣ ሲያሸቱትም ጆንያ ጆንያ ይላል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ እፍኝ አንስታችሁ አሽቱ።