ይድረስ ከመኪናዬ ሆድ ሥር ለሚንጠለጠሉት ክቡር ፕላስቲክ

ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሥራዎ ከሞተሩ ሥር ተጋድሞ ጭቃ፣ ውሃና ጠጠር መመከት እንደሆነ አውቃለሁ። የቪትዝ ሆድ ከመሬት ስንዝር እንደማይርቅም አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ዱላ ሁሌ የሚቀምሱት እርስዎ ነዎት። ይህን ሁሉ ግምት ውስጥ አስገብቼ ነው እስከ ዛሬ የቻልኩዎት። የማክሰኞው ግን ከልክ አለፈ።

ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነበርን። ሰልፉን ለአንባቢ አልተርክም፤ ሁላችንም እዚያው ነን። ወፍ ሳይንጫጫ ወጥቼ፣ መሪው ላይ አሸልቤ፣ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ በተነሳ ቁጥር እየባነንኩ፣ ስብሰባ ስላለኝ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ በስንት መከራ የማደያው በር ላይ ደረስኩ። ቀጂው ታየኝ። ሊያውም ፈገግ ያለ መሰለኝ።

እርስዎም ያቺን ሰዓት መረጡ። በሩ ላይ ያለችውን የውሃ መውረጃ ፍርግርግ ስሻገር «ቋ!» አሉ። ቀጥሎ «ጥርርርር»። የፊት ጫፍዎ ተላቆ አስፋልቱን ያርስ ጀመር። ከጎን ካለ ታክሲ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ መኪናህ ወለደች! እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ከሌሊት ጀምሮ ፊቱን አኮሳትሮ የቆየ ሰው ሁሉ በእኔ ተፈታ። ታክሲው ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት ደግሞ ረጋ ብለው፣ «ወንድ ነው ሴት?» ብለው ጠየቁ።

ወረድኩ። አንድ ሊስትሮ ሮጦ ካርቶን አነጠፈልኝ። መረቅኩት። ሂሳቡን ነገረኝ። ነጩን ሸሚዝ ለብሼ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ከዚያ ሥር ሆኖ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ጫማው ሁሉ ግን አስተያየት አለው። አንዱ «ንቀለው» ይላል። አንዱ «በሽቦ እሰረው» ይላል። አንዱ ቆዳ ጫማ «ኧረ መጀመሪያ መንገድ ይልቀቅ!» እያለ መሬቱን ይደበድባል። ሽቦ የያዘ ጫማ ግን አልነበረም። በገዛ ጫማዬ ክር አስሬዎት ወጣሁ።

ስወጣ ከኋላዬ የነበሩት በሙሉ ከፊቴ ናቸው። ጥበቃውን «ወንድሜ፣ ወረፋዬ እኮ ነው» አልኩት። «የተበላሸ መኪና ወረፋ የለውም። ዞረህ ተሰለፍ» አለኝ። የሰልፉ ጭራ የት እንደነበር ለእናንተ አልነግርም። ዞሬ ተሰለፍኩ። እንደገና በሩ ላይ ስደርስ ቀጂው እጁን አወዛወዘ። አልቋል።

አንተ ፕላስቲክ! ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ የሰነጠቀህ? አንተም እኔም እናውቀዋለን። የሰፈራችን መግቢያ ለውሃ መስመር ተብሎ ተቆፈረ። ቱቦው ተቀበረ፣ አፈር ተመለሰበት፣ ሰዎቹ ሄዱ። ክረምት ገባ፣ አፈሩ ሰመጠ፣ መንገዱን የሚያቋርጥ ቦይ ቀረልን። ስንጠይቅ አስፋልቱን የሚመልሰው ሌላ ክፍል ነው ተባልን። ሌላው ክፍል ደብዳቤ አልደረሰኝም አለ። ደብዳቤው ደረሰ። ከዚያ በጀት የለም ሆነ። ልትወልድ የደረሰች ጎረቤታችን በዚያ ቦይ ባጃጅ ውስጥ ሆና ስትናጥ፣ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ ስታለቅስ አይቻለሁ። ይሄ አያስቅም። ቆፍሮ የሄደው ሰው ደሞዙን በልቷል። ሥራው ተጠናቋል ብሎ የፈረመም አለ። የሚሰበረው የሰው ነው፣ የሚከፍለውም ሰው ነው፣ የሚጠየቅ ግን አንድም የለም።

ይቅርታ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ዘይት በተቀየረ ቁጥር አንድ ቡሎንዎ ይጎድላል። ቀያሪው «ምንም አይልም» ይላል። እሱ ምን ይላል፣ ካርቶን ላይ የሚተኛው እኔ።

ስለ ወደፊት ዕጣዎ ብዙ ምክር ቀርቦልኛል። ጋራዥ ያለው ወዳጄ «ነቅለህ ጣለው፣ ስንቱ ያለሱ ይሄድ የለ እንዴ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሄዳል። በጥር። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃው በቀጥታ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ ቀበቶ ላይ ይረጫል። ቺንጋ ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ሰፈር እስኪሰማ ይጮኻል። ዲናሞው ጭቃ ይጠጣል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ላሜራ አስበይድባት፣ ታንክ ትሆናለች» ባይ ነው። ታንክ ነዳጅ እንደሚጠጣ ረስቶታል። ቀጭኑ ላሜራ በድንጋይ ሲመታ ወደ ላይ ተጣጥፎ የዘይት ቋቱን ይጫነዋል። ለዘይት መክፈቻው ቀዳዳ ካልተተወለት ደግሞ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት። ቡሎን የሚያጎድለውን ሰውዬ እያወቅኩ ይህን ሥራ ልጨምርለት?

አዲስ ልግዛ ብዬም ነበር። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ሻጩ «ኦርጅናሉን ነው ወይስ ቻይናውን?» ሲለኝ ስልኩ የተቋረጠ አስመሰልኩ። ሱማሌ ተራ ያገለገለ አይጠፋም። እዚያ ሄዶ የገዛ መኪናውን ዕቃ መልሶ የገዛ ሰው ወሬ ሰምተን ስላደግን ግን እግሬ አልታዘዘኝም። መኪናዋን ሸጬ ልገላገል እንዳልል፣ በምን እተካታለሁ? የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ቆየ። እኔና ቪትዟ፣ እርስዎም ሦስተኛ ሆነው፣ ገና ብዙ ክረምት አብረን እናያለን።

ስለዚህ ትናንት ማታ በባትሪ አየሁዎት። የተሰነጠቀው ከፊት፣ ቡሎን የሚገባበት ጠርዝ ብቻ ነው። መሃልዎ ደህና ነው። ስንጥቁ ወደ ጎማው በኩል ቢደርስ ኖሮ ያኔውኑ ነቅዬ እጥልዎት ነበር፤ ጎማ ሥር የገባ ፕላስቲክ ቀልድ አያውቅም። አሁን ግን ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ቀርበው ይበየዳሉ። በጋለ ብረት ይሰፋሉ፣ ከውስጥ በሽቦ ወንፊት ይደገፋሉ። በየቡሎኑ ሰፊ ሮንዴላ ይገባልዎታል። እስከዚያ ክሩ ላይ ይቆዩ፤ እኔም በአንድ ክር ጫማ ቢሮ እመላለሳለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዘይት ቀያሪዬ፣ የጎደሉትን ቡሎኖች ይዞ እንዲቀርብ
ለቆፋሪው ክፍልና ለመላሹ ክፍል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እናንተው ተነጋግራችሁ ደብዳቤውን ተካፈሉ