ፓምፑን ተሸክመው ያውቃሉ?

ሰሞኑን እዚሁ ድሬዳዋ በተካሄደ አንድ ስብሰባ ላይ የእርሻ ድሮን፣ ማለትም ማሳ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው አልባ በራሪ፣ ጉዳይ ተነሣ። አንድ ተናጋሪ ሁለት ነገር አሉ። ድሮን ለሰፋፊ እርሻ እንጂ ለእኛ አካባቢ ገበሬ አይሆንም አሉ። መድኃኒት በቀን ሒሳብ እየረጩ የሚያድሩ ወጣቶችንም ሥራ ያሳጣል አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። የእኔ ግን ደሜ ፈላ።

የትኛውን ሥራ ነው የሚያሳጣው?

አጎቴ ቢዮአዋሌ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማል። ባለፈው ስሄድ ሲረጭ ደረስኩ። ፓምፑ 16 ሊትር ይይዛል። ክዳኑ ስለማይገጥም በላስቲክ አስሮታል። በተራመደ ቁጥር መድኃኒቱ ይንጠባጠባል፤ ካናቴራው ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጓንት የለውም። እግሩ ላይ ሸበጥ ነው ያለው። መሐል ላይ የመርጫው ጫፍ ተደፈነበት። ነቀለውና አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለበት። «ኧረ ተው አጎቴ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ታረገዋለህ፣ ሁሌ እንዲህ ነው» አለኝ። ማታ ራሱን አሞት እራት ሳይበላ ተኛ። ባዶውን ጠርሙስ ልጆቹ ውኃ ሊቀዱበት ይዘውት ሲሄዱ ነጥቄ ቀዳደድኩት።

እንግዲህ «ሥራ» የተባለው ይኼ ነው። በቀን ሒሳብ የሚረጩት ልጆች ደግሞ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየዞሩ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ይሸከማሉ። እዚያ አዳራሽ ካጨበጨቡት መካከል ልጁን ለዚህ ሥራ የሚልክ አንድ ሰው አለ? የለም። ለራስ ልጅ የማይመኙትን ለሰው ልጅ መመኘት ነውር ነው። ድሮኑም ቢሆን የሚያበረው፣ ባትሪ የሚቀይርለት፣ መድኃኒት የሚበጠብጥለት ሰው ይፈልጋል። ወጣቶቹ ይህን አይችሉም የሚል እዚሁ ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ይሂድና ስልክ ፈታተው የሚገጥሙትን ልጆች ይይ።

«ማሳው ትንሽ ነው» የሚለውማ ጭራሽ አያስኬድም። አርሲና ባሌ አንድ ሄክታር ስንዴ ያለው ገበሬ ኮምባይነር ተከራይቶ ያሳጭዳል። ግዛ ያለው የለም። ጃፓኖችም ሰው የማይሳፈርበት ትንሽ ሄሊኮፕተር በርቀት እያበረሩ ሩዛቸውን መርጨት ከጀመሩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የእነሱም ማሳ ቁርጥራጭ ነው። የመርጫ ድሮን ሙሉ ጭኖ ሲነሣ ባትሪው ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ለአጎቴ መደብ አሥር ደቂቃ ይተርፋል።

አንበጣውንስ ረሳነው? በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ማሽላችን ላይ ሲወርድ ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እያፏጨ ነው የተከላከለው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ይጨርሳል። ትልቁ አውሮፕላን በየሸለቆው ዝቅ ብሎ ሊገባልን አይችልም። ትንሿ ድሮን ግን ትገባለች።

ዋጋው ውድ ነው፤ ፈቃዱም ያንገላታል። እሱን አልክድም። ማኅበራት ገዝተው ያከራዩ፣ ፈቃድ ሰጪውም መንገዱን ያሳጥር። ስብሰባው ላይ መነሣት የነበረበት ይኼ ነበር።

አጎቴ ቅዳሜ ደግሞ ይረጫል። ተናጋሪው ይምጡና አንድ ፓምፕ ብቻ ተሸክመው ማሳውን ይዙሩለት።